ከፍለው የሚደነግጡበት ሰፈር

እናንተዬ! ሰው በገዛ ገንዘቡ ሊደነግጥ ሲሰለፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሎስ አንጀለስ ብቅ ብትሉ ታያላችሁ። ቦታው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ሆሊውድ ይባላል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ነገሩ የተጀመረው በዶሮ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። በ17 ዓመቱ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ አንድ ሰው ከጊዜ በኋላ የዶሮ እርባታ የነበረ መሬት ገዛና በመጋቢት 1915 የፊልም ከተማውን ከፈተ። ያኔ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ሕዝቡ 25 ሳንቲም እየከፈለ ቀረጻ ያያል፤ ቢያጨበጭብ ቢጮህ ማን ከልካይ አለው! ፊልም አፍ ሲፈታ ግን ጫጫታው ሥራ አበላሸ፣ በሩም ተዘጋ። እንደገና በደንብ የተከፈተው በሐምሌ 1964 ነው። አሁን ጎብኚው እንደ ባቡር በተቀጣጠለ ትራም ላይ ተቀምጦ ይዞራል።

ታዲያ ምን ያያል? «ጆውስ» የተባለው ፊልም በወጣ በዓመቱ፣ በ1976፣ ሻርክ ከውኃ ውስጥ ብድግ ብሎ ጥርሱን ማሳየት ጀመረ። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ትራሙ የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሲገባ መሬት ይንቀጠቀጣል፣ ጣሪያ ይደረመሳል፣ ቦቴ መኪና ይወድቃል፣ ውኃ ይጎርፋል። ትራሙ ሲወጣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቀጣዩ ባለተራ ደርሷላ!

አንዳንዴ ግን አደጋው የእውነት ነው። በሰኔ 2008 የተነሣ እሳት የኪንግ ኮንግን ትርዒትና ብዙ የሙዚቃ ዋና ቅጂዎችን በላ። ኮንግ በ2010 በስክሪን ተመለሰ፤ የተቃጠለው ዋና ቅጂ ግን ተመላሽ የለውም። በ2016 የሃሪ ፖተር መንደር፣ በ2023 የኒንቴንዶ ዓለም ተጨመሩ።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ። አሜሪካ ያለ ዘመድ ልጆቹን ይዞ ሲሄድ አባት «ወንድ ልጅ አይፈራም!» ይላል፣ እናት «ተወው፣ ይባንናል» ትላለች፣ ልጁ መሐል ያለቅሳል። እኔን ብትጠይቁኝ ከእናት ወገን ነኝ። ልጅ በግድ ተጭኖ ድፍረት አይማርም፤ የሚማረው ሲፈራ ሰሚ እንደሌለው ነው። ይልቅ አስቀድማችሁ «ሻርኩ ማሽን ነው፤ ይነሣል፣ ተመልሶ ይሰምጣል» በሉት። ምስጢሩን ያወቀ ልጅ ይስቃል። ደግሞም የሃሪ ፖተር ዋናው መጫወቻ ቁመቱ 122 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ አያስገባም፤ ተሰልፋችሁ ከመመለስ ቤት ለኩት። ትንሽ ልጅ ካላችሁ አንዳችሁ ስትጫወቱ ሌላው ልጁን ይዞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ዳግም ሳትሰለፉ ትቀያየራላችሁ። ሠራተኞቹን ጠይቁ።

ድንጋጤ የሚጣፍጠው ወደን ስንገባበት ነው። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!