ስለ ሐረር ባለ እንጨት በረንዳ ፎቅ ቤቶች

በአውሮፓ ባለጸጎች በአትክልታቸውና በዱራቸው ውስጥ ለደስታ ብቻ የሚሆኑ፥ ከተረት የወጡ የሚመስሉ ትናንሽ ቤቶችን ማሠራት የቆየ ልማዳቸው ነው። በሐረር ጀጎልም ከመኪና ግርግር መንገድ ገባ ብሎ እንደዚሁ ተረት የሚመስል ፎቅ ቤት ይገኛል፤ ፊቱ በእንጨት ጥርብ ያጌጠ፥ የመስኮቱ መስተዋት ባለ ቀለም፥ የውስጥ ጣሪያው በሥዕል የተዋበ ነው። ይህን ያሠራው ግን ነጋዴ ነው።

ቤቱ «የራምቦ ቤት» ይባላል፤ ስሙና ታሪኩ ግን አይስማሙም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ በሐረር ቡናና ቆዳ የሚገዛ የንግድ ወኪል ነበረ፤ የሞተውም በ1884 ዓ.ም. ነው። ቤቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ በአንድ የሕንድ ነጋዴ ነው።

ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ብዙ የሕንድ ነጋድያን ወደ ከተማዪቱ ገቡ። አብዛኞቹ የጉጅራት ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ አገር የባለጸጋ ቤት ፊት በተቀረጸ እንጨት ማስጌጥ የተለመደ ነው። የሐረሪ ነባር ቤት ግን ጌጡን ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ መደቡ፥ ስፌቱ፥ ሳሕኑ ከውስጥ ሲያምር የውጭ ግንቡ ስለ ባለቤቱ ሀብት አንዳች አይናገርም። ዘር ማንዘሩ ለሚታወቅ ሰው ይህ ይበቃዋል። ከባሕር ማዶ ለመጣና ማንም ለማያውቀው ነጋዴ ግን፥ በእኔ ግምት፥ ወደ መንገድ የሚመለከተው በረንዳ ታፔላውም ዋሱም ነበረ።

በጌጡም ውስጥ የንግድ ነገር አለበት። ተፈሪ መኰንን በ1903 ዓ.ም. ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳልፈውበታል የሚባለውና ዛሬ ሙዚየም የሆነው የራስ ተፈሪ ቤትም በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። በበሩ ላይ ራሱ የዝሆን የሆነው ጋኔሽ ተቀርጿል። ሂንዱዎች እንቅፋት አስወጋጅ ይሉታል፤ ነጋዴዎቻቸውም አዲስ የሒሳብ መዝገብ ሲከፍቱ ስሙን ይጠራሉ።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ «የሕንድ ቤት» የሚባለውን ዓይነት ለይቶ ጠቅሶታል። እንግዳ የሆቴል አልጋ ይዞ፥ ስፌትና ቡና ገዝቶ የሚመለሰው ይህን የመሰለውን ለማየት ነውና የእንጨቱ ጉዳይ የሁላችን የገበያ ጉዳይ ነው።

በረንዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው ከፊቱ ሳይሆን ወራጁ ግንብ ውስጥ ከሚገባበት ጫፍ ነው፤ ምክንያቱም የሚያፈስ አሸንዳ ነው። ባለቤቱ ይህን ሳያይ ይቆይና ወለሉ ሲያዘነብል በረንዳውን በሙሉ አፍርሶ በብሎኬትና በብረት መዝጊያ ይተካዋል። ከክረምት በፊት አሸንዳውን ያስጠረገና የወራጁን ጫፍ ያስመረመረ ሰው ብዙ ወጪ ይድናል። ታፔላም በጥርቡ ላይ ከሚቸነከር በግንቡ ላይ ቢሰቀል ይሻላል። ለመጠገን ሲታሰብ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅን የደነገገ ስለሆነ፥ አናጢ ከመጥራት በፊት ወደ ክልሉ የባህልና ቅርስ መሥሪያ ቤት ጎራ ማለት ያስፈልጋል።