ዘጠነኛዋ ከረሜላ፦ በልጆች ምናባዊ ልቦለድ ውስጥ በፈጣሪ ሰጪነት የመታመን ጭብጥ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለልጆች በተጻፈ ምናባዊ ልቦለድ ውስጥ በፈጣሪ ሰጪነት የመታመን ጭብጥ በምን መንገድ እንደሚገለጽ ማሳየት ነው። ለማሳያነት የመረጥኩት ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመውን «የአስማተኛው የእህት ልጅ» የተሰኘ መጽሐፍ ነው።

ዲጎሪና ፖሊ የተባሉ ልጆች፣ አስላን የተባለው አንበሳ ልኳቸው፣ በክንፋም ፈረስ ተቀምጠው ከሩቅ የአትክልት ስፍራ ፖም ለማምጣት ይጓዛሉ። ሲመሽ ፈረሱ ሣር ይግጣል፤ ልጆቹ ግን የሚበሉት የላቸውም። ዲጎሪ ስለ ራታቸው ያሰበ ባለመኖሩ ያጉረመርማል። ፈረሱ አስላንን ቢለምኑት ኖሮ ያዘጋጅላቸው እንደነበር ይናገራል። ፖሊ «ሳይነገረው አያውቅም ወይ?» በሚል መንፈስ ትጠይቃለች። ፈረሱ ማወቁን አይጠራጠርም፤ መለመኑን ግን የሚወድ ይመስለዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 8 አባት ሳይለመን እንደሚያውቅ ተነግሮ፣ በምዕራፍ 7 ቁጥር 7 «ለምኑ» መባሉን የሚያስታውስ አንባቢ የጥያቄውን ምንጭ ይለየዋል።

ይሁን እንጂ ጭብጡን የተሸከመው ከንግግሩ ይልቅ ድርጊቱ ነው። ከኪስ ዘጠኝ ከረሜላዎች ይገኛሉ፤ ልጆቹ አራት አራት ተካፍለው ዘጠነኛዋን ይተክሏታል። ሲነጋ ዛፍ ሆና አፍርታ ትገኛለች። የተራበ ልጅ የመጨረሻዋን ጉርሻ ለአፈር መስጠቱ፣ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ያለችንን የሰራፕታ መበለት ያስታውሳል።

በወልቂጤና በቡታጅራ ያደጉ ተማሪዎቼ ይህን ክፍል ሲያነቡ ቀድመው የሚያነሡት የጓሮ እንሰትን ነው። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ይከርማል። በዚህ ዐይን ሲታይ መታመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ ዛሬ የማይበላውን መትከል ነው። ሙስሊም ተማሪዎች ደግሞ ሐሳቡን ሪዝቅና ተወኩል በሚሉት ቃላት ያብራሩታል። የጭብጡ ምንጭ ክርስቲያናዊ መሆኑ ንባቡን ለአንድ እምነት ተከታዮች ብቻ አይገድበውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በማግስቱ ዲጎሪ ፖሙን ሰርቆ ለታመመች እናቱ እንዲወስድ ይፈተናል፤ እምቢ ብሎ ለላኪው ያስረክባል። በኋላ ከአስላን በተሰጠው ፖም እናቱ ትድናለች። የሉዊስ እናት ግን እ.ኤ.አ. በ1908፣ እሱ ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ሞታለች። ስለዚህ ታሪኩን «የታመነ ሁሉ የጠየቀውን ያገኛል» ብሎ ማጠቃለል ደራሲው የሚያውቀውን ሐዘን መዘንጋት ይሆናል። ዲጎሪ ፖሙን ሲያስረክብ እናቱ እንደምትድን አያውቅም፤ መታመኑም የሚለካው በዚያ ሰዓት እንጂ በፍጻሜው አይደለም።

ሉዊስ ራሱ ድርሰቶቹ «እንዲህ ቢሆንስ?» ከሚል ግምት የተነሡ እንጂ እያንዳንዱ ነገር ለሌላ ነገር የቆመባቸው ተምሳሌቶች አለመሆናቸውን ገልጿል። ተማሪውም ጥቅስ ይዞ ታሪኩን ከማሰስ ይልቅ ረሃቡን፣ ጥያቄውንና ተከላውን በቅደም ተከተል ቢከተል፣ ትምህርቱን ከራሱ ከትረካው ያገኘዋል።