ነዳጅ ከምድር በታች እንዴት ይጠራቀማል?

ነዳጅ ሲባል ብዙዎቻችን ከምድር በታች እንደ ወንዝ የሚፈስ ወይም እንደ ሐይቅ የተኛ ጥቁር ዘይት ይታየናል። ስለዚህም «እዚህ ቦታ ነዳጅ ተገኘ» የሚል ወሬ ስንሰማ በማግስቱ ኑሮ የሚቀና ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ዛሬ ኢንሻአላህ ይህንኑ አብረን እንመለከታለን።

የአብዛኛው ነዳጅ መነሻ ባሕር ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ሲሞቱ ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። ኦክስጅን ካገኙ በስብሰው ይጠፋሉ። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ከተቀበሩ ግን ቅሪታቸው ይቆያል። ደለል በላያቸው ሲደራረብ ጭቃው ዓለት ይሆናል። ወደ ጥልቀት በተወረደ ቁጥርም ሙቀት ይጨምራል፤ በብዙ ሥፍራ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ሙቀቱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቅሪቱ ቀስ በቀስ ዘይት ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲግል ደግሞ ዘይቱ ራሱ ተሰባብሮ ጋዝ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ሚሊዮኖች ዓመታትን ነው።

ታዲያ የት ይቀመጣል? እንስራን እናስብ። ሲያዩት ድፍን ነው፤ ውኃ ሲሞሉት ግን ያልበዋል፤ በገላው ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉና። ነዳጅ የሚይዘው ዓለትም እንዲሁ ነው። ዘይት በወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ፣ በዓለቱ ቀዳዳዎች ካለው ውኃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። የሚያግደው ካላገኘ ከምድር ገጽ ደርሶ ይባክናል። ከላይ ድፍን ዓለት እንደ ክዳን ከገጠመውና ዓለቱ እንደ ጉልላት ከጎበጠ ግን እዚያው ይጠመዳል፤ ጋዙ ከላይ፣ ዘይቱ ከመካከል፣ ውኃው ከታች።

ብዙ ዘመዶቻችን ለሥራ የሄዱባት ሳዑዲ ዐረቢያ ለዚህ ምሳሌ ናት። በምሥራቋ ቀዳዳማ የኖራ ድንጋይ ዘይቱን ይዟል፤ ጀሶ መሰል ድፍን ዓለት ደግሞ ከድኖታል። እንዲያም ሆኖ በደማም በ1935 እ.ኤ.አ. ቁፋሮ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ለገበያ የሚበቃ ዘይት አልሰጡም። 7ኛው ጉድጓድ ከ1,400 ሜትር በላይ ዘልቆ በ1938 ነው የተሳካለት። በ1948 የተገኘው የገዋር ማሳ ደግሞ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

በአገራችንም በኦጋዴን ካሉብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ጋዝ ተገኝቷል፤ ሆኖም ለአሥርት ዓመታት ከምድር በታች ቆይቷል። መገኘትና ጥቅም ላይ መዋል የተለያዩ ናቸውና።

ስለዚህ ቤተሰቦች ሆይ! «ነዳጅ አለ፣ ገንዘባችሁን አምጡ፣ መሬታችሁን ሽጡ» የሚል ሲመጣ ጠይቁ፦ መነሻው ዓለት አለ ወይ? በሚበቃ ሙቀት በስሏል ወይ? ቀዳዳማ ዓለትና ክዳን አግኝቷል ወይ? በጉድጓድስ ተረጋግጦ መጠኑ ታውቋል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ወሬው ወሬ ነው። ሚሊዮኖች ዓመታት የፈጀውን በአንድ ምሽት እንደምናነደው አስበንም በቤታችን ከኢስራፍ እንጠንቀቅ።