እግረ እርጥብ

እንግዳ ሲደውል ከዋጋ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «አየሩ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ተቀምጬ የጓሳን ደጋ በማስጎብኘት በኖርኩበት ዘመን ለዚህች ጥያቄ አንድ መልስ ነበረኝ፦ «ጥሩ ነው፣ ኑ።» ሐምሌና ነሐሴ ካልሆነ በቀር ሌላ ብዬ አላውቅም። እንጀራ ነው፤ ሊመጣ የተነሳን ሰው በጉም ምክንያት «ቅር» የሚል አስጎብኚ የለም። ይህን መልሴን ያስጣሉኝ በ2012 ዓ.ም. የካቲት፣ የነነዌ ጾም በተፈታ ማግስት የመጡ ባልና ሚስት ናቸው።

ከአዲስ አበባ ነው የመጡት፤ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው አይመስሉም። እሱ ባንክ ቤት ይሠራል፤ እሷ አስተማሪ ናት። ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ ጣርማበር ላይ ዋሻው ሳይደርሱ ታጥፈው፣ በመዘዞ በኩል ጓሳን አቋርጠው ወደ ከተማችን ሲገቡ ሰማዩ ኩልል ብሎ ጠርቶ ነበር። ሾፌሩ «ትንሽ ወርደን እንይ?» ቢላቸው ባልየው «ነገ ሙሉ ቀን አለን» ብሎ አለፉ። እኔ መኪናው ውስጥ አልነበርኩም፤ ብኖርም «ነገ» ነበር የምለው። አሁን ሾፌሮችን የማስጠነቅቀው ይህንኑ ነው፦ ጓሳ ላይ ሰማይ ከጠራ መኪና ይቁም፤ እራት ይቆየን።

ማታ ገበታ ላይ ሚስትየዋ የዛንዚባርን ነገር አነሳችልኝ። ሠርጋቸው በ2011 ጥር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በጾም ባሕር ዳርቻ አይኬድም ብለው የጫጉላ ጉዟቸውን ከፋሲካ ወዲያ አሳደሩት። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 20 ነው የዋለው። ሆቴሉን በግማሽ ዋጋ አገኙት። «ለምን እንደረከሰ አልጠየቅንም» አለችኝ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዛንዚባር ላይ «ማሲካ» የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው፤ ሆቴሎቹ ዋጋ የሚጥሉት፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ የሚዘጉት ያን ጊዜ ነው። ከስድስት ቀን አምስቱን በመስኮት ውኃ ሲወርድ እያዩ ዋሉ። የጀልባው ሽርሽር ተሰረዘ። አልጋ ላይ ካርታ ሲጫወቱ ሰነበቱ። በዚያው ሚያዝያ ኬኔት የተባለው አውሎ ነፋስ ኮሞሮስንና ሰሜን ሞዛምቢክን መትቶ ስለነበር እናቷ በቀን ሦስቴ እየደወሉ «ባሕሩ እንዴት ነው?» ይሏት ነበር። ባሕሩንማ በቅጡ ያየው ማን ነው!

ጓሳ የተመረጠው ለዚያ ካሳ ነው። ጉዞውን የሸጠላቸው ድርጅት ወረቀቱ ላይ «ደረቅ ወቅት» ብሎ ጽፎላቸዋል። ማግስቱ ደግሞ እነሱ የፍቅረኞች ቀን የሚሉት ነው። እኔም ብርጭቆዬን እንደያዝኩ «ነገ ፀሐይ ነው» አልኩ።

ወረቀቱን በጻፈው ሰው ላይ ልፈርድ አልችልም፤ እኔ የመንዝ ልጅ ሆኜ ያንኑ ደገምኩታ። ለአዲስ አበባ ሰው የካቲት በጋ ነው። ለመንዝ ገበሬ ግን የበልግ ደጃፍ ነው። ከየካቲት አንሥቶ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በኩል እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ይመጣል፤ የአፋርን ሜዳ ተሻግሮ ከእኛ ገደል ጋር ይላተማል፤ ሽቅብ ሲገፋ ይበርዳል፣ ጉም ይሆናል፣ ይዘንባል። ጓሳ ያለው ከዚያ ገደል አናት ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ግድም ነው። ማሲካንም በልጋችንንም የሚያጠጣው ያው ባሕር ነው። ዛንዚባር ላይ ያስመረራቸው ዝናብ ዘመዱን እኛ ዘንድ ልኮ ኖሯል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስንነሳ ከተማው ላይ ጭጋግ ብቻ ነበር። ጓሳ ስንደርስ የመኪናውን አፍንጫ ማየት አቃተን። ገደሉ አፍ ላይ ወርደን ቆምን። ጭላዳዎቹ የሚያድሩት እዚያ ገደሉ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው አንድ ባንድ ወደ ሜዳው ይወጡና ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ጉም ሲሆን ይዘገያሉ። ከሥራችን፣ ምናልባት ከሠላሳ ክንድ በማይበልጥ ርቀት፣ ድምፃቸው ይሰማል፤ ሲያጉረመርሙ፣ ግልገል ሲያለቅስ፣ አንዱ ሲቆጣ። አንድም አላየንም። ባልየው ተከራይቶ ያመጣውን ረጅም ሌንስ በሚስቱ ነጠላ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

ዝም ስል ይባስ እንዳይከፋቸው ወሬ ጀመርኩ፤ ይህ የሙያችን በሽታ ነው። ስለ ቀይ ቀበሮ ነገርኳቸው፦ በዓለም ላይ ያሉት ከ500 እንደማያልፉ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ እንደሌሉ፣ በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎ ደጋና በእኛ ዘንድ ተራራ ተራራውን ይዘው እንደቀሩ፣ ቆላው እንደ ባሕር ከቧቸው ስለሚለያያቸው ተመራማሪዎች እነዚህን ተራሮች «የሰማይ ደሴት» እንደሚሏቸው። «ደሴት» የምትለው ቃል ከአፌ ስትወጣ ሚስትየዋ ሳቋ አመለጣት። እሱ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ትናንት ፀሐይ ነው ብለውን ነበር» አለኝ። ቀበሮም አይጥ የምታድነው በቀን ነው፤ አይጦቹ ከጉድጓዳቸው ካልወጡ እሷም ለምን ትወጣለች? ይህን ልነግረው አሰብኩና ተውኩት።

አምስት ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። እንደ ሽምብራ የሚያህል፣ የጅብራው ቅጠል ላይ ታታታ እያለ። ስንመለስ መኪናው ከመንገዱ ዳር ጥቁር አፈር ያዘው፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ይሰምጣል። ሾፌሩ ሰው ሊጠራ ሄደ፤ እኛ በሩ ወደተከፈተ የድንጋይ ቤት ገባን።

የቤቱ እመቤት አዛውንት ናቸው። ሳይጠይቁን እሳቱ ዳር አስቀመጡን፤ ኩበቱ ላይ የጨረንፌ እንጨት ጨመሩበት፤ በዳንቴል መሐረብ የተሸፈነ የገብስ ቆሎ አቀረቡ። ዓርብ ነውና ከዚያ በላይ አልነበረም። ሚስትየዋ ጫማዋን አውልቃ ካልሲዋን ስትጨምቅ አዩና ባና አንሥተው እግሯ ላይ ጣሉላት፤ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሸመነ፣ ጥቁር፣ ገና የጭስ ሽታ ያለው። ከዚያ በር ላይ ቆመው የሚወርደውን እያዩ «ተመስገን! ተመስገን!» አሉ። ዞር ብለው ባልና ሚስቱን ተመለከቷቸው። «ልጆቼ፣ እግረ እርጥብ ናችሁ። ዘሩን ይዘን ሰማይ ሰማይ ስናይ ሰነበትን፤ እናንተ ይዛችሁት መጣችሁ።»

ባልየው መጀመሪያ የቀለዱበት መስሎት ወደ እኔ አየ። አይደለም። ሴትየዋ በእንዲህ ያለ ነገር አይቀልዱም። በመንዝ ብዙ ቦታ ክረምቱ ጭቃና ውርጭ ነው፤ ገበሬው ተስፋ የሚያደርገው በበልግ ገብሱ ነው። በልግ ሲቀር በጉ ይሸጣል፤ ከዚያም በሬው፤ ከዚያ ሰውየው ራሱ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወርዳል። የካቲት ላይ የሚወርድ የመጀመሪያ ዝናብ እዚያ ቤት ከእንግዳ በላይ እንግዳ ነው።

ሚስትየዋ ጣሪያውን አሳየችኝ። «ይህ ሣር ነው ጓሳ የሚባለው?» አዎ፤ አገሩ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። እሷ በመጠየቋ ለሁለት ዓመት ለቱሪስት ስደጋግመው የኖርኩትን የቄሮ ሥርዓት ሴትየዋ በራሳቸው አፍ ነገሯት፦ አባቶች ሣሩን ለዓመታት እንዴት ይዘጉት እንደነበር፣ በበጋ ሲከፈት ሁሉ በድርሻው እንዴት ያጭድ እንደነበር፣ ዝናብ ሲገባ ተመልሶ እንዴት ይዘጋ እንደነበር። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል፤ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። እኔ ስናገረው ቀን መቁጠር ነበር። እሳቸው ሲናገሩት ማን ሣር ሰርቆ እንደተያዘና ቤቱ እንዴት እንደተቃጠለበት ጭምር ነበረበት።

ሾፌሩ አሥራ ሁለት ሰው አስከትሎ ሲመጣ ባልየው ሱሪውን ሰብስቦ አብሮ ገፋ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወደ እኔ ሲመጣ ያለኝ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ እኛ ሌሊቱን እንዳይዘንብ ስንለምን ነበር እኮ። እሳቸው ደግሞ እንዲዘንብ። ማን እንደተሰማ አየነው።»

ደስ ብሎት ሄደ ብዬ አልዋሽም። የጉዞ ድርጅቱን ገንዘብ ጠይቆ ተከራክሯል፤ እውነት አለው፤ «ደረቅ ወቅት» ብሎ የተሸጠለት በረዶ ነው። ቀበሮ አላየም፤ ጭላዳ አላየም፤ ሌንሱ ለጣሪያ ሣር ፎቶ ብቻ አገለገለ። ሚስትየዋ ግን መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ባና ገዛች፤ ተከራክራም አላስቀነሰችም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ተውኩ። ስለ ነገ ሰማይ ቃል አልሰጥም፤ ሾፌርም እንዲሰጥ አልፈቅድም። «መጥፎ አየር» የምትለውን ቃልም ገበሬ ፊት አላነሳም። ድሮ ዝናብ ሲመጣ እንግዳዬ ፊት በእጄ ምልክት ሰማዩን እራገም ነበር፤ አጠገቤ ፈረስ የሚስበው ልጅ ገብስ የዘራ አባት እንዳለው እያወቅሁ። ሲታሰብ ያሳፍራል።

ብዙ ልለማመደው ግን ጊዜ አላገኘሁም። ከወር በኋላ፣ መጋቢት 4፣ አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፤ እንግዳ ቆመ። በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ደረሰ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን ግጭት አንባቢ ያውቀዋል። አስጎብኚ ነኝ እላለሁ እንጂ የማስጎበኘው ሰው እንደ በልግ ዝናብ ሆኖብኛል።

ያቺ አስተማሪ በ2012 ሰኔ ላይ ደውላልኝ ነበር። ልማዴ ሆኖ ስለ አየሩ ልነግራት ስል አቋረጠችኝና «የእማማ ገብስ እንዴት ሆነ?» አለች። ሄጄ ጠይቄ መልሼ ደወልኩላት፦ ታጭዷል፤ ጎተራ ገብቷል፤ ዓርብ ያልሆነ ቀን ኑ ብለዋል።