ትልቅ ፋይል በደካማ ኢንተርኔት ለማውረድ የትኛው መገልገያ ይመረጣል?

ባለ 4 ጊጋባይት ፋይል በሰከንድ 1 ሜጋቢት ፍጥነት ለማውረድ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሙዱላም ሆነ በአካባቢዋ ከተሞች በዚህ መካከል መብራት ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ሥራው እንደ አዲስ ከተጀመረ፣ የተከፈለበት የዳታ ጥቅል በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ ቀዳሚው መመዘኛ ፍጥነት ሳይሆን ካቆሙበት መቀጠል መቻል ነው።

በጽሑፍ ትዕዛዝ ከሚሠሩ ነፃ መገልገያዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደብሊውጌት ግንኙነት ሲቋረጥ በራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ደግሞ ሰረዝና ትንሿ የእንግሊዝኛ ፊደል «ሲ» ሲጨመሩበት ካቆመበት ይቀጥላል። ከርልም መቀጠል ይችላል፤ ሆኖም እንደገና እንዲሞክር በግልጽ መታዘዝ አለበት። አሪያ2 ፋይሉን ከፋፍሎ በበርካታ ግንኙነቶች ያወርዳል። ይህ የሚጠቅመው ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የፍጥነት ገደብ ሲያስቀምጥ ነው፤ የመስመሩን አቅም ግን አይጨምርም። ስለሆነም ደካማው መስመሩ ራሱ ከሆነ ደብሊውጌት ይበቃል።

ሰርቨሩ ካልፈቀደ ግን የትኛውም መገልገያ ካቆመበት መቀጠል አይችልም። በመሆኑም ጥቂት ሜጋባይት እንደወረደ ሆን ብሎ አቋርጦ መሞከር ከኪሳራ ያድናል።