ሮቦት እግርን መራመድ ያስተምራል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ሮቦት ነው። ፊልም ላይ የሚዋጋውን ሳይሆን ሰው የሚያራምደውን።

ርዕሱን የሰጠኝ አጎቴ ነው። ግንበኛ ነበር፤ አምና ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። አሁን የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። አንድ ቀን ስልኩ ላይ ሮቦት ለብሶ የሚራመድ ሰው አሳየኝና "አንቺ ሳይንስ ትወጃለሽ፣ እስቲ ይሄ ነገር እውነት መሆኑን አጣሪልኝ" አለኝ። እኔም የሳይንስ መምህራችንንና አጎቴን የሚያሠራውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠየቅኩ።

መጀመሪያ እግር ለምን አልታዘዝ እንደሚል እንይ። በአከርካሪ አጥንታችን ውስጥ ህብለ ሰረሰር የሚባል የነርቭ ገመድ ያልፋል። ውፍረቱ የትንሿን ጣታችንን ያህል ነው። አንጎላችን "እግር ተነሳ" ሲል መልእክቱ የሚወርደው በዚህ ገመድ ነው። ገመዱ ሲጎዳ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ልክ እንደ መብራት ነው፤ አምፖሉ ደህና ነው፣ የተበጠሰው ሽቦው ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ሙሉ በሙሉ ይበጠሳል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ጥቂት ክሮች ይተርፋሉ።

የሚገርመው ነገር ህብለ ሰረሰር ራሱ በልምምድ ይማራል። ሳይንቲስቶች ህብለ ሰረሰራቸው የተቆረጠ ድመቶችን ደግፈው ትሬድሚል ላይ ሲያለማምዷቸው የኋላ እግራቸው መራመድ ቻለ። ስለዚህ ሰውንም በቀበቶ አንጠልጥለው ትሬድሚል ላይ ማለማመድ ጀመሩ። ግን ሁለት ባለሙያዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው እግሩን በእጃቸው ማንሳት ነበረባቸው። ይሄ በጣም ያደክማል።

ስለዚህ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎኮማት የሚባል ሮቦት ተሠራ። እግር ላይ ይታሰራል፤ ሞተሮቹ ዳሌንና ጉልበትን ልክ እንደ ጤነኛ ሰው እርምጃ ያንቀሳቅሳሉ። አይደክመውም፤ በግማሽ ሰዓት ከ1000 በላይ እርምጃ ያስረግጣል። ሌላው ዓይነት እንደ ልብስ የሚለበስ ነው። በ2006 ዓ.ም. በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ላይ እግሩ የማይታዘዝለት ወጣት እንዲህ ያለ ሮቦት ለብሶ ኳስ መትቷል። ያንን ሥራ የመሩት ብራዚላዊው ሳይንቲስት ሚጌል ኒኮሌሊስ ናቸው።

ታዲያ ሮቦቱ ያድናል ወይ? የተበጠሰውን ገመድ አይቀጥልም። ክሮች የተረፉለት ሰው ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተለማመደ እርምጃው ሊሻሻል ይችላል። ሙሉ በሙሉ የተበጠሰበት ሰው የሚለበሰውን ሮቦት እስከለበሰ ድረስ ይቆማል፣ ይራመዳል፤ ሲያወልቀው ወደ ዊልቸሩ ይመለሳል። ዋጋውም በጣም ውድ ነው።

ባለሙያው የነገረኝ ነገር ግን ደስ አለኝ። ዋናው ነገር ብረቱ ሳይሆን ድግግሞሹ ነው። በሁለት ብረቶች መካከል ይዞ መቆም፣ እግርን በእጅ ማጠፍና መዘርጋት፣ እንዳይቆስል ቶሎ ቶሎ መገላበጥ ሁሉም ይጠቅማል። በአርባ ምንጭና በመናገሻ ያሉት የተሀድሶ ማዕከላትም ዊልቸርና የእግር ድጋፍ ይሰጣሉ።

ይህንን ሁሉ ለአጎቴ ሳልደብቅ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "እንግዲያው እስከዚያው ሮቦቴ አንቺ ነሽ" አለኝ። አሁን ማታ ማታ ባለሙያው እንዳሳየኝ እግሩን አሠራዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ይቆጥራል።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። አጎቴ የወደቀ ቀን ሰዎች ሊረዱት ብለው እጅና እግሩን ይዘው ባጃጅ ውስጥ አስገቡት። አሳቢዎች ነበሩ፤ ግን እንዲህ ማድረግ ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል። እኛም ዛፍ እንወጣለን፣ ሞተር ሳይክልም በሰፈራችን ሞልቷል። ሰው ወድቆ ጀርባውን ወይም አንገቱን ካመመው ጎትተን አናስነሳው። አንገቱና ወገቡ ሳይጣመም ባለበት ይቆይ፤ ትልቅ ሰው እንጥራ፣ አምቡላንስ ይደወል።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!