ተሳቢ የጎተተ ሰው የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው

ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ጋሪ ሲጫን ቆሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፡፡ ጋሪ ነጂው ኩንታሉን ዝም ብሎ አይወረውርም፡፡ መጀመሪያ ከጎማዎቹ በላይ ያሳርፈዋል፣ ቀጥሎ ትንሽ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ከዚያ የጋሪውን እንጨት በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝናል፡፡ ጭነቱ ወደ ፊት ከበዛ የፈረሱ ጀርባ ይጎዳል፡፡ ወደ ኋላ ከበዛ ደግሞ እንጨቱ ወደ ላይ ይነሳና ማሰሪያው ፈረሱን ሆዱ ላይ ይዞ ያነሳዋል፡፡

ይቺን ጥበብ ከአዲስ አበባ ላንድክሩዘር እየነዳ የሚመጣው ሰውዬ ላያውቃት ይችላል፡፡ ከመኪናው ኋላ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አስሮ፣ ድንኳኑን፣ ፍራሹን፣ የውሃ ጀሪካኑንና ከሰሉን ጭኖ ወደ ተራራው ሲወጣ ግን የሚፈተነው በእሷው ነው፡፡

የስፖርት ቤተሰቡ «ይሄ ደግሞ ከኳስ ጋር ምን አገናኘው?» ሊል ይችላል፡፡ አንደኛ ነገር ሞተር ስፖርትም ስፖርት ነው፡፡ ሁለተኛ ይሄ ጨዋታ ለኳስ ሰው ቶሎ ይገባዋል፡፡ ፊት ያለው መኪና አጥቂ ነው፣ ሁሉም የሚያወራው ስለ እሱ ነው፣ የፈረስ ጉልበቱ፣ ጎማው፣ ዋጋው፡፡ ኋላ ያለው ተሳቢ ተከላካይ ነው፡፡ ስሙን የሚያነሳው የለም፣ የተሳሳተ ቀን ግን ጨዋታው በእሱ ያልቃል፡፡

አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሳቢ ጎትቶ ድንጋያማና አሸዋማ መንገድ ውስጥ መግባት የቅዳሜና እሁድ መዝናኛ ከሆነ ቆይቷል፡፡ እኛ አገር ገና ነው፡፡ አስጎብኚዎች ድንኳኑንም ማብሰያውንም ላንድክሩዘሩ ጣሪያ ላይ ጭነው መሄድ ይመርጣሉ፡፡ ይሁንና ታሪኩ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፡፡

ኤርስትሪም የሚባለውን ብርማ የአሉሚኒየም ተሳቢ ቤት የሚያመርተው ኩባንያ መሥራች አሜሪካዊው ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1959 41 ተሳቢዎችን አሰልፎ ከኬፕታውን ተነሳ፡፡ መድረሻው ካይሮ ነበር፡፡ አብረውት የነበሩት ከመቶ በላይ ሰዎች የጦር ሠራዊት አባላት ወይም የራሊ ተወዳዳሪዎች አይደሉም፣ ከነሚስቶቻቸው የወጡ፣ ብዙዎቹም በእድሜ የገፉ አገር አይዎች ናቸው፡፡ ከኬንያ ተነስተው ኢትዮጵያ ሲገቡ ያገኙት መንገድ በጉዞው ሁሉ ካጋጠማቸው ከባዱ ውስጥ ይቆጠራል፡፡ ያኔ የደቡቡ መስመር አብዛኛው አቧራ፣ ሲዘንብም ጭቃ ነበር፡፡ እንደምንም አዲስ አበባ ደረሱ፣ ቀዳማዊ ኃይለሥላሴም ተቀበሏቸው፡፡ በ1960 ተሳቢዎቹ ግብፅ ውስጥ ፒራሚዶቹ ሥር ተደርድረው የተነሱት ፎቶ እስከ ዛሬ ይታያል፡፡ (ለኳስ ሰው ዓመቶቹ ያስታውሱታል፡፡ 1959 ብሔራዊ ቡድኑ ካይሮ ላይ በሁለተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተጫወተበት ነው፡፡ ባያም ያረፈው ደግሞ በ1962፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ባነሳችበት ዓመት ነው፡፡)

ዛሬ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ግድም አስፋልት ነው፡፡ እዚያ ድረስ ተሳቢ መጎተት ወሬም አይሆንም፡፡ ችግሩ የሚጀምረው መሪው ከአስፋልት ሲወጣ ነው፡፡ በአንድ በኩል ከከተማው ራቅ ብሎ ሐረ ሸይጣን የተባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ፣ ከአፋፉ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ጋ አይደርስም እየተባለ የሚወራለት፡፡ ወደዚያ መድረስ ያን ያህል አያስቸግርም፡፡ ጉድ ያለው በምዕራብ በኩል ነው፡፡ ከቡታጅራ በላይ የተንሰራፋው የዘቢዳር ተራራ ከ3,500 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ወደ እሱ የሚወስዱት የገጠር መንገዶች ደግሞ ለአይሱዙና ለበቅሎ የተቀደዱ ናቸው፡፡

ከጭነቱ እንጀምር፡፡ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ልኬት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛው ገደማ ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት የሚል ነው፡፡ ተሳቢው 750 ኪሎ ከሆነ 75 ኪሎ፣ የአንድ ተከላካይ ክብደት ማለት ነው፡፡ ውሃና ማብሰያን የመሰለው ከባድ ነገር ከአክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ፊት ለፊቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ፍራሽና ልብስ ኋላ ይሂድ፡፡ ይሄ ተገልብጦ ከባዱ ኋላ ከተጫነ ተሳቢው አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል፡፡ ያኔ ፍሬን ላይ የሚቆም ሹፌር ነገሩን ያባብሰዋል፡፡ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ከነዳጁ ላይ እግርን ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው መድኃኒቱ፡፡

ዳገቱ ከባድ ነው፣ ግን ሐቀኛ ነው፡፡ ካልቻልክ አልቻልክም ይልሃል፡፡ እዚህ አገር በብዛት የሚታየው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሃርድ ቶፕ ቱርቦ የለውም፡፡ እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ስለሚያጣ 3,000 ሜትር ላይ ሲደርስ ሲሶ ለሚጠጋ ጉልበቱ ደህና ሁን ብሏል፡፡ ስለዚህ መኪናው ሳይቃትት ገና ከታች በከባድ ማርሽ መጀመር፣ መሀል ላይ ማርሽ ለመቀየር አለመሞከር፣ የራዲያተሩን ሙቀት እያዩ መሄድ ነው፡፡ በቃ፡፡

ቁልቁለቱ ግን ተንኮለኛ ነው፡፡ ሰው ከላይ አድሮ፣ ብርዱን ችሎ፣ ፎቶውን ተነስቶ ሲመለስ «አሁንማ ወራጅ ነው» ብሎ ዘና ይላል፡፡ ልክ 2 ለ 0 መርቶ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ እንደሚዘናጋ ቡድን፡፡ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ የሚቆመው መኪናው ነው፣ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ አልሰማም፡፡ 700 ኪሎ ከኋላ እየገፋ ይመጣል፡፡ መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነ መኪናውን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ አያድርስና መታጠፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ የመኪናውን ቂጥ ወደ ጎን ይገፋዋል፡፡ ጠጠርና እርጥብ አፈር ላይ የኋላ ጎማ አንዴ መንሸራተት ከጀመረ መኪናና ተሳቢ እንደ ሰንጢ ይታጠፋሉ፡፡ ከዚያ ወዲያ መሪ ማሽከርከር ትርፉ ድካም ነው፡፡

ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች ሥራውን ከቁልቁለቱ በፊት የሚጨርሱት፡፡ አፋፉ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቆማሉ፣ ረዳቱ ወርዶ በእግሩ መታጠፊያውን አይቶ ይመለሳል፣ ማርሹ ከላይ ወደ አንደኛ ይገባል፣ ፍሪሲዮን ላይ እግር አይደረግም፡፡ ፍሬኑ እየተያዘ እየተለቀቀ ነው እንጂ ተረግጦ አይቆይም፣ ምክንያቱም የጋለ ፍሬን ይከዳል፡፡ በአውሮፓ ደንብ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፡፡ ቡታጅራ ጋራዥ ውስጥ በተበየደ ተሳቢ ወደ ዘቢዳር የሚወጣ ሰው ይሄንን ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ቢጭን ይሻለዋል፡፡

ጋንቾውም የራሱ ጣጣ አለው፡፡ አስፋልት ላይ የለመድነው ባለ ኳስ መያዣ ለጉድጓድ አልተሠራም፡፡ መኪናው ወደ ግራ፣ ተሳቢው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ይነክሳል ወይም ይወልቃል፡፡ ለዚህ ሥራ በሦስቱም አቅጣጫ የሚሽከረከር መያዣ ነው የሚፈለገው፣ ከሥሩም ሁለት ሰንሰለት ተጠላልፎ ይታሰራል፡፡ የተሳቢው ሁለት ጎማዎች ስፋት ከመኪናው ጋር እኩል ቢሆን ደግሞ መኪናው በከፈተው ዱካ ይከተላል፣ ካልሆነ የራሱን ጭቃ እየቆፈረ ይመጣል፡፡ ጎማውና ቸርኬው ከመኪናው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ አንዱ ስኮርታ ለሁለቱም ይሆናል፡፡ ጀማሪውን ላብ በላብ የሚያደርገው ወደ ኋላ መሄድ ነው፡፡ መላው ቀላል ነው፡፡ እጅን መሪው ታች ላይ አድርጎ፣ ተሳቢው እንዲሄድ ወደሚፈለገው አቅጣጫ እጅን መውሰድ፡፡

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን መንገዱ የሹፌሩ ብቻ አለመሆኑ ነው፡፡ አንድ መኪና በሚያሳልፍ የተራራ መንገድ ላይ ተሳቢ በአግድሙ ከተጋደመ የገበያ ሰውም ከብትም ይቆማል፡፡ ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል በቃሬዛ ወይም በሞተር የምትወርድ ወላድ ከመጣችስ? ለመዝናናት የወጣ ሰው ስለ ባሌስትራው ሲጨነቅ ይሄንን ላያስበው ይችላል፡፡ መዞሪያ ቦታ መኖሩን ሳያረጋግጡ ጠባብ መንገድ ውስጥ አለመግባት የሚባለው ለዚህም ጭምር ነው፡፡

ማደሪያ ፍለጋውም እንዲሁ፡፡ በጉራጌ መንደሮች በሁለቱ የቤት ሰልፎች መሀል የሚዘረጋው ሰፊና ሳር የለበሰ ጀፎረ ከሩቅ ሲታይ ለድንኳን የተሠራ ይመስላል፡፡ ደልዳላ፣ አረንጓዴ፣ ንጹሕ፡፡ ሆኖም ጀፎረ የመንደሩ አደባባይ ነው፡፡ ሠርጉም ለቅሶውም ስብሰባውም እዚያ ነው፣ ልጆቹም ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ላይ ነው፡፡ በክረምት አንድ ቶን የሚጎተትበት ጎማ እዚያ ሳር ላይ አንዴ ከዞረ የሚተወው ቦይ እስከ በጋ አይደፈንም፡፡ ሜዳ ማበላሸት ማለት ምን እንደሆነ ለኳስ አፍቃሪ ማስረዳት አያስፈልግም፡፡ የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠይቆ እነሱ ያሳዩት ቦታ ላይ ማሳረፍ ነው፡፡

እሁድ ከሰዓት መኪናው አስፋልቱን ሲረግጥ የመጀመሪያው ማረፊያ ጎሚስታ ቤት ነው፡፡ ድንጋዩን ለመቻል የተቀነሰው የጎማ ንፋስ ካልተሞላ በአስፋልት ፍጥነት ጎማው ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል፡፡ ጎሚስታው አራቱን የመኪና ጎማ ሞልቶ ሲጨርስ ሹፌሩ ሂሳብ ከፍሎ ሊሄድ ይላል፣ የማታው ጨዋታ እንዳያመልጠው፡፡ የተሳቢው ሁለቱ ግን ገና አልተነፉም፡፡